በባቡር ላይ በነጻ ይታደል የነበረው ጋዜጣ የት ገባ?

ከገበያ ሽንኩርት የገዛ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ ነጋዴዋን «በይ እንጂ መርቂልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። እርሷም አንድ ሁለት ራስ አንስታ ትጨምርለታለች። ምርቃቱ ለገዢው ነጻ ይመስለዋል፤ ነጋዴዋ ግን ያንን ጭማሪ ከየት እንደምታወጣውና ምን እንደሚያስገኝላት አስቀድማ አስልታዋለች፤ ደንበኛው ነገም ሌላ ደጃፍ ሳይረግጥ ወደ እርሷ እንዲመለስ የምትከፍለው ዋጋ ነው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሕንድ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ለአሥርተ ዓመታት፣ በተለይ ለአንደኛ ማዕረግና ለመኝታ ፉርጎ ተሳፋሪዎች፣ በየጠዋቱ ይታደል የነበረው ጋዜጣም እንዲህ ያለ ምርቃት ነበር። ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ያገኘዋል፣ ወይም አስተናጋጁ ከቡና ጋር ያቀብለዋል፣ ወይም በመኝታ ክፍሉ በር ሥር ገብቶ ይጠብቀዋል። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ይህ ልማድ በብዙ መስመሮች ላይ እየሳሳ ሄዶ በአንዳንዶቹ ፈጽሞ ቀርቷል። ለምን ቀረ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው «ኢንተርኔት ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ መላላት የጀመረው ብዙው ተሳፋሪ በባቡር ውስጥ አስተማማኝ ኢንተርኔት ከማግኘቱ በፊት ነው። ጉዳዩን በደንብ ለመረዳት፣ ተሳፋሪው ሳይከፍል ያነበበውን ጋዜጣ ዋጋ ማን ይከፍልለት እንደነበር መከተል ያስፈልጋል። ከፋዮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ጊዜና በየራሳቸው ምክንያት እጃቸውን ሰብስበዋል።

«ነጻ ጋዜጣ» ሲባል የቱ ነው?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ አስቀድሞ መለየቱ ይበጃል። አንደኛው ለማንም መንገደኛ ያለ ክፍያ እንዲታደል ተብሎ የሚታተም፣ ወጪውን በሙሉ ከማስታወቂያ የሚሸፍን ጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች መታደል የጀመረው ሜትሮ የዚህ ዓይነቱ ጋዜጣ ፈር ቀዳጅ ሆኖ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ደግሞ በሱቅና በአዟሪ እጅ በዋጋ የሚሸጥ መደበኛ ጋዜጣ ሆኖ ሳለ፣ የባቡር ድርጅት፣ ሆቴል ወይም አየር መንገድ በብዛትና በቅናሽ ገዝቶ ለደንበኞቹ የሚያድለው ነው። ይህኛው በእንግሊዝ የኅትመት ሰዎች ዘንድ የጅምላ ቅጂ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኸው የጅምላ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ግን መጨረሻው ከዚህኛው ጋር ስለሚገናኝ ኋላ እንመለስበታለን።

ባቡርና ጋዜጣን ምን አገናኛቸው?

ባቡር ሰውን ለረጅም ሰዓት አስቀምጦ እጁን ባዶ ያደርገዋል። ከፈረስ ጋሪ ይልቅ ስለማያንገጫግጭም ለማንበብ ይመቻል። ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው የለንደን ጋዜጣ አከፋፋይ ድርጅት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1848 በዩስተን ባቡር ጣቢያ የመጀመሪያውን የጣቢያ መደብር ከፈተ። ጋዜጣው ራሱም የባቡር ተሳፋሪ ነበር፤ በብሪታንያ ሌሊት የታተመውን ጋዜጣ እየጫኑ ንጋት ላይ ወደየከተማው የሚያደርሱ ልዩ ባቡሮች እስከ እ.ኤ.አ. 1988 ድረስ ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱ ወደ መኪና ዞሯል።

የእኛም ከተማ ከዚህ ታሪክ የራቀች አይደለችም። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለገሀር የምንለው ሠፈር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣም በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገር በተባረረ ማግሥት መታተም ጀመረ። ከለገሀር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ እግረኛ፣ የከተማዋን የባቡርና የኅትመት ታሪክ በአንድ ጉዞ ያዳርሳል።

ዋጋውን ማን ይከፍል ነበር?

ጋዜጣ በሁለት ገበያ የሚቆም ነጋዴ ነው። በአንደኛው ገበያ ወሬውን ለአንባቢ ይሸጣል፤ በሁለተኛው ገበያ ደግሞ የአንባቢውን ዓይን ለማስታወቂያ አስነጋሪ ይሸጣል። አስነጋሪው የሚከፍለው ዋጋ የሚወሰነው ጋዜጣው ስንት ሰው እጅ ይገባል በሚለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ስርጭት ይባላል። አሳታሚው የራሱን ስርጭት ራሱ ቢናገር የሚያምነው ስለማይኖር፣ አሳታሚዎችና አስነጋሪዎች በጋራ የሚያቋቁሙት ገለልተኛ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ድርጅት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1914፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1931 ተመሥርቷል። የሠፈር ወፍጮ ቤት ሚዛን ለገዢም ለሻጭም እኩል የሚታይ ሆኖ እንደሚቀመጠው፣ የቆጣሪውም ሥራ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን ቁጥር ማቅረብ ነው።

የጅምላ ቅጂው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ በእኛ ገንዘብ የተሠራ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጋዜጣ በቀን 50,000 ቅጂ በ20 ብር ይሸጣል እንበል። የባቡር ድርጅት መጥቶ «በየቀኑ 5,000 ቅጂ እወስዳለሁ፤ ነገር ግን የምከፍለው 2 ብር ነው» ይለዋል። በወጉ ሲታይ ኪሳራ ነው፤ በ2 ብር ወረቀቱ እንኳ አይገኝም። አሳታሚው ግን የጋዜጠኞቹን ደመወዝና የማተሚያውን ሒሳብ በመጀመሪያዎቹ 50,000 ቅጂዎች ላይ አስልቶ ጨርሷል፤ ለተጨማሪዎቹ 5,000 የሚያወጣው የወረቀት፣ የቀለምና የማጓጓዣ ብቻ ነው። በምላሹ ለአስነጋሪዎቹ «ስርጭቴ 55,000 ሆኗል» ማለት ይችላል። አንድ ገጽ ማስታወቂያ 100,000 ብር የነበረ ቢሆን 110,000 ብር ልጠይቅበት ይላል። በቀን ጥቂት ገጾች እንደዚያ ከተሸጡ በጅምላው የጠፋው ገንዘብ ተመልሶ ይተርፋል።

ለባቡር ድርጅቱም ስሌቱ ያዋጣል፤ ፊቱ ላይ 20 ብር የተጻፈበትን ዕቃ በ2 ብር አግኝቶ ለደንበኛው ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄዱ አውቶቡሶች ለተሳፋሪው የሚያቀርቡት የታሸገ ውኃና ብስኩት በዚሁ መንገድ የሚታሰብ ነው፤ ዋጋው በትኬቱ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ተሳፋሪው የሚያስታውሰው መስተናገዱን ነው። በሕንድ ራጅዳኒና ሻታብዲ በሚባሉት ፈጣን ባቡሮች ላይ ምግቡም የጠዋቱም ጋዜጣ በአንድ ትኬት ውስጥ ተጠቃለው ይቀርቡ የነበረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከፋይ አስነጋሪው ነው። በአንደኛ ማዕረግ የሚጓዘው ነጋዴና ባለሥልጣን ማስታወቂያውን ያይልኛል በሚል ተስፋ ከፍ ያለውን ዋጋ ይከፍላል። በመሠረቱ የነጻው ጋዜጣ ዋጋ አብዛኛው ያረፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ስለነበር፣ እርሱ የተጠራጠረ ዕለት ሌሎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ሊሸከሙት አልቻሉም።

መጀመሪያ ያፈገፈገው ማን ነው?

አስነጋሪው የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የታደለ ጋዜጣ ሁሉ ተነብቧል ወይ? ሰው ከኪሱ አውጥቶ የገዛውን ጋዜጣ ቢያንስ ይገልጠዋል ተብሎ ይገመታል። ሳይጠይቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠለትን ግን ገፋ አድርጎ ሊቀመጥ ይችላል። ጥቅሉ ሳይፈታ መጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ከቆሻሻ ጋር የሚወርድበትም ጊዜ አለ። በብሪታንያ የጅምላ ቅጂዎች በቆጣሪው ሰነድ ላይ ከሽያጩ ተለይተው ስለሚመዘገቡ፣ አስነጋሪዎች እነዚህን እየቀነሱ መደራደር አላስቸገራቸውም። አስነጋሪው የማይከፍልበት ቁጥር ደግሞ ለአሳታሚው ወጪ ብቻ ነው። የብሪታንያው ዕለታዊ ጋዜጣ ዘ ጋርዲያንና እሑድ እሑድ የሚወጣው እኅቱ ዘ ኦብዘርቨር እ.ኤ.አ. በ2009 የጅምላ ቅጂን እርግፍ አድርገው ተዉ። ዓመቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ የማስታወቂያ ገበያውን ክፉኛ የመታበት ወቅት እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሆነው ነገር የጅምላ ቅጂ ምን ያህል ሸክም ተሸክሞ እንደነበረ ያሳያል። ማሪዮት የተባለው የሆቴሎች ድርጅት ጋዜጣን በየእንግዳው በር ላይ ማስቀመጥ አቁሞ፣ የፈለገ ብቻ ጠይቆ እንዲወስድ አደረገ። ድርጅቱ ራሱ በገመተው መሠረት ውሳኔው በቀን 50,000፣ በዓመት ደግሞ 18 ሚሊዮን የሚያህል ቅጂ የሚቀንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመሠረት ጀምሮ መንገደኛውን ዒላማው ያደረገው ዩኤስኤ ቱደይ በዚያ ዓመት ስርጭቱ ወደ 17 በመቶ አሽቆልቁሎ፣ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዶ፣ የአገሪቱን የቀዳሚነት ቦታ ለዎል ስትሪት ጆርናል ለቀቀ። ሆቴልና ባቡር በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም የሚታደለው ቅጂ ቁጥር የአንባቢ ቁጥር ይመስል ነበር እንጂ፣ ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «አልፈልግም» አለ።

በረጅም ርቀት ባቡር ላይ ሥራው ለምን ይከብዳል?

የሁለት ሰዓት መንገድ ለሚሄድ ባቡር ጋዜጣ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ሌሊት ይታተማል፣ ንጋት ላይ ከመነሻው ጣቢያ ይጫናል፣ ይታደላል። ባቡሩ አገር አቋርጦ ሌሊቱን የሚጓዝ ሲሆን ግን ጣጣው ሌላ ነው። ከሺካጎ ተነሥቶ በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስካለችው ኤምሪቪል የሚሄደው፣ አምትራክ የተባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ባቡር ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሁለት ሌሊት አድሮ ይጨርሳል። ትናንት ከሺካጎ የተጫነ ጋዜጣ ዛሬ ጠዋት አሮጌ ነው። አዲሱ ጋዜጣ መገኘት ያለበት ባቡሩ ጠዋት በሚቆምባት ከተማ፣ ማለትም ዴንቨር ላይ ነው። ይህም ማለት አንድ አከፋፋይ ጥቅሉን ይዞ በሰዓቱ ጣቢያው ላይ መገኘት አለበት፤ ጥቂት ደቂቃ በምትቆይ ማረፊያ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ወርዶ ተረክቦ ለየፉርጎው ማከፋፈል ይኖርበታል። አምትራክ በአብዛኛው የሚሄደው በጭነት ባቡር ድርጅቶች ሐዲድ ላይ በመሆኑ መዘግየት ብርቁ አይደለም። ባቡሩ አራት ሰዓት ቢዘገይ የጠዋቱ ጋዜጣ የምሳ ሰዓት ጋዜጣ ይሆናል። በዚያ ላይ ለካሊፎርኒያው ተሳፋሪ የዴንቨር ከተማ ምክር ቤት ወሬ ምኑ ነው?

ስለዚህ ጋዜጣው በረጅም ርቀት ባቡር ላይ ከወረቀቱ ዋጋ ይልቅ የሰው ጉልበትና የሰዓት ወጪ ነበረው። እንዲህ ያለ ወጪ ደግሞ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ የትራንስፖርት ሕግ፣ አምትራክ በምግብና መጠጥ አገልግሎቱ ላይ የሚደርስበትን ኪሳራ በ5 ዓመት ውስጥ የሚያስወግድበትን ዕቅድ እንዲያወጣ አዘዘው። እ.ኤ.አ. በ2018 በምዕራቡ ጠረፍ በሚሄደው ባቡር ላይ ለመኝታ ተሳፋሪዎች ወይን ይቀመስበት የነበረው ልዩ ሳሎን ፉርጎ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት በሁለት የምሥራቅ መስመሮች በባቡሩ ውስጥ ይበስል የነበረው ምግብ በታሸገ ምግብ ተተካ። ድስት ከባቡር በሚወርድበት ዘመን ለጋዜጣ የሚከራከርለት ሰው ማግኘት አስቸጋሪ እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ታዲያ ስልኩና ኮሮናው ምን አደረጉ?

በባቡር ላይ ወሬን በስልክ ማንበብ የተስፋፋው ነገሩ ከተዳከመ በኋላ ቢሆንም መመለሻውን የዘጋው እርሱ ነው። የጀርመን ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በፈጣን ባቡሮቹ ለሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችም ዋይፋይን በነጻ ሲያቀርብ፣ ተሳፋሪው የጠዋቱን ወሬ ጣቢያ ሳይደርስ አንብቦት የሚሳፈር ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የባቡር ድርጅቱ ምርቃት ከጋዜጣ ወደ ዋይፋይ ተዛወረ ማለት ይቻላል።

በ2020 የመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍን ወረቀት ሁሉ አስፈሪ አደረገው። መጽሔቱም፣ የምግብ ዝርዝሩም፣ ጋዜጣውም ለጥንቃቄ ተብሎ ከወንበር ኪስ ተነሣ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ምግቡ ቢመለስም ጋዜጣው በብዙ ቦታ አልተመለሰም፤ አንድ ነገር ለሁለት ዓመት ሳይኖር ከቀረና ቅሬታ ካላስነሣ፣ ድርጅቱ እንዲመልሰው የሚያስገድደው የለም።

ከላይ የለየነው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ለሁሉም በነጻ የሚታተመው ጋዜጣም ከዚህ ማዕበል አላመለጠም። የለንደኑ ኢቪኒንግ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ነጻ ሆነ፤ በመስከረም 2024 ዕለታዊ ኅትመቱን አቁሞ ወደ ሳምንታዊ ዞረ። ኃላፊዎቹ የሰጡት ምክንያት ሦስት ነበር፤ በምድር ውስጥ ባቡሩ ኢንተርኔት መግባቱ፣ ሰው ከቤቱ መሥራት በመልመዱ ወደ ቢሮ የሚመላለሰው መቀነሱና የአንባቢው ልማድ መለወጡ። በየባቡር ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ይገኝ የነበረው የስዊዘርላንዱ 20 ሚኑተንም በ2025 መጨረሻ የወረቀት ኅትመቱን ዘግቷል።

ዲጂታሉ ቅጂ ይተካዋል?

አንዳንድ የባቡር ድርጅቶች ጋዜጣውን በባቡሩ ዋይፋይ በኩል በሚከፈት የራሳቸው ገጽ ላይ ያቀርባሉ፤ የጀርመኑ ፈጣን ባቡር ይህን ያደርጋል። ሌሎች ተቋማት ደግሞ እንደ ካናዳው ፕሬስሪደር ካሉ፣ የብዙ አገር ጋዜጦችን በአንድ ላይ ከሚያቀርቡ ድርጅቶች ፈቃድ ይገዛሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥቅል የሚሸከም ሰው አያስፈልግም፣ ባቡሩ ቢዘገይም ጋዜጣው አያረጅም፣ ስንት ሰው እንደከፈተውም በትክክል ይታወቃል፤ የአስነጋሪው የቆየ ጥርጣሬ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የሚጎድለው ግን ቀላል አይደለም፤ በእኔ እምነት ይህ ክፍል በበቂ ሁኔታ አልተነገረም። የረጅም ርቀት ባቡር ኔትወርክ በማይደርስባቸው ተራሮችና በረሃዎች ያልፋል፤ ወረቀቱ ይበልጥ ይፈለግ የነበረው በእነዚያ ሰዓታት ነው። በዕድሜ የገፉ ተሳፋሪዎች፣ ፊደሉን በስልክ ላይ ማጉላት የሚቸግራቸው፣ ባትሪያቸውን ለመድረሻቸው የሚቆጥቡ ሰዎች አሉ። ከሁሉም በላይ ወረቀቱ ሰው ያልፈለገውን ወሬ ያሳየው ነበር፤ ስፖርቱን ሊያነብ የገለጠ ተሳፋሪ በመንገዱ ላይ ስለ ውኃ ታሪፍ ወይም ስለ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብቦ ያልፋል። በስልኩ ላይ ግን የሚከፍተው የፈለገውን ብቻ ነው። በባቡሩ ዋይፋይ የተከፈተው ጋዜጣም ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ሲወርድ ይዘጋል፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «እኔ ጨርሻለሁ» ብሎ የሚያቀብለው ነገር የለም።

አዲስ አበባ ላይ ላለ አንባቢ ይህ ምን ያገናኘዋል?

የእኛ ጋዜጦች የሚተዳደሩት በዚያው የሁለት ገበያ ሒሳብ ነው፤ ልዩነቱ የወረቀቱ ወጪ እዚህ እጅግ መክበዱ ነው። የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለአሳታሚው ይህ ማለት አንዲት ተጨማሪ ቅጂ ማተም፣ በምሳሌያችን እንዳየነው «የወረቀትና የቀለም ብቻ» ተብሎ የሚታለፍ ወጪ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ በቅናሽ የሚሰጥ የጅምላ ቅጂ ለእኛ አሳታሚ ከእንግሊዙም ይልቅ ይከብደዋል።

በሌላ በኩል የከተማችን አንባቢ የራሱን መላ ፈጥሮ ቆይቷል። በአራት ኪሎና በሌሎችም ቦታዎች ጋዜጣን በትንሽ ገንዘብ ተከራይቶ፣ በመንገድ ዳር ድንጋይ ወይም በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ መመለስ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ልማድ ነው። አከራዩ የሚገዛው ቅጂ በስርጭት ሒሳብ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በቀኑ መጨረሻ ግን ስንት እጅ እንደዞረ የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው። የባቡሩ የጅምላ ቅጂ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ እርሱም አንድ ተብሎ ተቆጥሮ አንዳንዴ ማንም ሳይገልጠው ተጥሏል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ላየ ሰው፣ የታተመ ቁጥርና የተነበበ ቁጥር ምን ያህል እንደሚራራቁ ወዲያው ይገባዋል።

ለባቡሩ የጅምላ ቅጂ የሚቀርበው የእኛ ልማድ፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በደንበኝነት ወስደው በእንግዳ መቀበያቸው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት ጋዜጣ ነው። በጀት ሲጠብ እርሱም ከመጀመሪያዎቹ ተሰራዦች አንዱ ነው፤ በመዝገብ ላይ የሚታየውም የአንድ ደንበኝነት መቋረጥ ብቻ ነው። ያችን አንድ ቅጂ ግን ጠዋት በሩ ላይ የተረከባት የጥበቃ ሠራተኛ ቆሞ አንብቧታል፣ ጸሐፊዋ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ አይታበታለች፣ ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይም ከፊት እስከ ኋላ አገላብጧታል።